ደለል፣ ብርሃንና ጨው፦ ከስሜን ተዳፋት እስከ ሜዲትራኒያን የፊቶፕላንክተን ምርታማነት ልዩነት

አኅፅሮተ ጥናት

የውቅያኖስና የሐይቅ ውኃዎች በፊቶፕላንክተን ምርታማነታቸው እጅግ ይለያያሉ። ልዩነቱን በንጥረ ምግብ መብዛትና ማነስ ብቻ መግለጽ የተለመደ ነው። ይህ ጽሑፍ ከዳባትና ከደባርቅ ከፍታዎች፣ እንዲሁም ከጎንደር በስተሰሜን ካሉት ተራሮች የሚወርደውን ደለል መነሻ በማድረግ፣ ወሳኙ የንጥረ ምግቡ መጠን ሳይሆን ንጥረ ምግብና ብርሃን በአንድ ቦታና በአንድ ጊዜ መገናኘታቸው እንደሆነ ያስረዳል። ለማነጻጸሪያ ጣና፣ የቢሾፍቱ አካባቢ የሶዳ ሐይቆችና ምሥራቃዊው ሜዲትራኒያን ተወስደዋል። ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የውኃ መክፈያው

ዳባትና ደባርቅ የተቀመጡበት ከፍታ ውኃ ከፋይ ነው። በስተምሥራቅና በስተሰሜን የሚወርዱት ጅረቶች፣ ከሊማሊሞ ግርጌ ያለውን ዛሪማን ጨምሮ፣ ወደ ተከዜ ይገባሉ፤ በስተምዕራብ የሚወርዱት ደግሞ ታላቁን አንገረብ ይከተላሉ። በጎንደር ከተማ አጠገብ የሚያልፈው አንገረብ ስሙን ይጋራ እንጂ ሌላ ወንዝ ነው፤ እርሱ ከመገጭ ጋር ተቀላቅሎ ጣና ይገባል። ተከዜም ታላቁ አንገረብም መድረሻቸው አትባራ ነው፤ አትባራም ናይል ወደ ባሕር ከመድረሱ በፊት የሚቀበለው የመጨረሻው ገባር ነው። ስለዚህ ከአንድ ተራራማ አገር የሚታጠበው አፈር ዕጣው ሁለት ነው። ከፊሉ በመገጭ በኩል ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ውስጥ ይቀራል፤ የቀረው የሱዳንንና የግብፅን በረሃ አቋርጦ ጨዋማ ባሕር ሲደርስ ኖሯል። ለፊቶፕላንክተን ተመራማሪ እንዲህ ያለ የተፈጥሮ ንጽጽር በቀላሉ አይገኝም።

የስሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በእሳተ ገሞራ የተከመሩ የባዛልት ንብርብሮች ናቸው። ባዛልት ሲፈረፈር ሲሊካ፣ ብረትና ፎስፈረስ ይለቅቃል። ፎስፈረሱ ግን በአብዛኛው ነጻ ሆኖ አይሟሟም፤ በአፈሩ ውስጥ ካሉት የብረትና የአሉሚኒየም ኦክሳይዶች ጋር ተጣብቆ ይኖራል። አፈሩ ሲታጠብም አብሮ ይጓዛል። በ1970ዎቹ በስሜን የአፈር መሸርሸርን ያጠናው ሃንስ ሁርኒ በ1993 ባወጣው ግምት መሠረት በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር ከአንድ ሄክታር ይወሰዳል። ይህ ቁጥር በግብርና ጥናቶች በተደጋጋሚ የሚጠቀስ ቢሆንም፣ በውኃ ሥነ ሕይወት ዘንድ የሚገባውን ያህል አልታሰበበትም። ከገብስ ማሳ የጠፋው ፎስፈረስ የሆነ ውኃ ውስጥ መድረሱ አይቀርም፤ የደረሰበት ውኃ ይጠቀምበታል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

ውቅያኖሱ ለምን አንድ ዓይነት አልሆነም?

ፊቶፕላንክተን በውኃ ውስጥ እየተንሳፈፉ በብርሃን አስተፃምሮ የሚኖሩ ደቂቅ ፍጥረታት ናቸው። ክሪስቶፈር ፊልድና ባልደረቦቹ በ1998 ባሳተሙት ስሌት መሠረት የምድር ዕፅዋት በዓመት ከሚያመርቱት 105 ቢሊዮን ቶን ገደማ የተጣራ ካርቦን ውስጥ 48.5 ቢሊዮን ቶን ያህሉ ከባሕር ነው። ይህን የሚያመርቱት ደቂቃን ከዓለም የዕፅዋት ክብደት ከአንድ በመቶ በታች ናቸው፤ በቀናት ውስጥ ይራባሉ፣ በቀናት ውስጥም ይበላሉ።

ምርቱ ግን እኩል አልተከፋፈለም። ጆን ራይተር በ1969 ባቀረበው የታወቀ ጽሑፍ ባሕሩን በሦስት ከፍሎት ነበር። ከስፋቱ 90 በመቶ የሚሆነው ክፍት ውቅያኖስ በካሬ ሜትር በዓመት 50 ግራም ካርቦን፣ የጠረፍ ውኃ 100 ግራም፣ ከስፋቱ 0.1 በመቶ ብቻ የሆነው ጥልቅ ውኃ ሽቅብ የሚወጣበት ክፍል ደግሞ 300 ግራም ያመርታሉ ብሎ ገመተ። ከዚህ ከአንድ ሺህኛ ስፋት የዓለም ዓሣ ግማሽ ያህሉ ይገኛል ማለቱ በጊዜው ብዙ አነጋግሯል። መለኪያዎቹ ከብረት ብክለት ከጠሩ በኋላ የክፍት ውቅያኖስ ቁጥር ከፍ እንዲል ተደርጓል፤ ቅደም ተከተሉ ግን እስከ ዛሬ ጸንቷል።

ምክንያቱ የባሕር አቀማመጥ ነው። ብርሃን ከላይ ይመጣል፤ ንጥረ ምግብ ከታች ይከማቻል። የሞተው ሁሉ እየዘቀጠ ናይትሮጅኑንና ፎስፈረሱን ወደ ጨለማው ይዞ ይወርዳል፤ የሞቀው የላይኛው ውኃ ቀላል ስለሆነ ከቀዝቃዛው ጋር አይደባለቅም። በመሆኑም በሐሩር ክልል ውቅያኖሶች መካከል ብርሃን ከመቶ ሜትር በላይ ዘልቆ እየገባ፣ ውኃው ግን ባዶ ሆኖ ይገኛል። ክሎሮፊሉ በሜትር ኩብ ከ0.1 ሚሊግራም በታች ነው። ይህ ግድግዳ በነፋስ ሲሰበር ሁኔታው ይለወጣል። በፔሩና በናሚቢያ ጠረፍ ጥልቁ ውኃ ሽቅብ ይወጣል፤ በሶማሊያ ጠረፍም ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ማለትም ስሜን ዝናብ በሚቀበልባቸው በእነዚያው ወራት፣ የደቡብ ምዕራብ ነፋስ የላይኛውን ውኃ ወደ ውጭ እየገፋ ቀዝቃዛውንና በንጥረ ምግብ የበለጸገውን ያወጣል።

ከዚህ ሥዕል የሚያፈነግጡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የብረት ጉዳይ ነው። በአንታርክቲካ ዙሪያና በምድር ወገብ ፓስፊክ ናይትሬት ሳይጎድል ምርቱ ዝቅተኛ ይሆናል፤ ጆን ማርቲን በ1980ዎቹ መጨረሻ ጎደሎው ብረት ነው ብሎ ተከራከረ። በ1993 በጋላፓጎስ አካባቢ ብረት በባሕር ላይ ተረጭቶ ፊቶፕላንክተኑ ሲጨምር ሐሳቡ ድጋፍ አገኘ። ሁለተኛው ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ የሚጠቅመው ነው። ሃራልድ ስቨርድሩፕ በ1953 እንዳስረዳው፣ ውኃ በጥልቀት ሲናወጥ ፊቶፕላንክተኑ ከቀኑ አብዛኛውን ጊዜ በጨለማ ያሳልፋል፤ በዚያም ጊዜ የሚተነፍሰው ከሚያመርተው ይበልጣል። የሰሜን አትላንቲክ ክረምት ንጥረ ምግብ ሞልቶት ሳለ የማያመርተው በዚህ ምክንያት ነው። ስቨርድሩፕ ያሰበው ስለ መቶ ሜትሮች ጥልቀት ነበር፤ ሕጉ ግን ጥቂት ሜትር ጥልቀት ባለው ሐይቅም ይሠራል፣ ውኃው ድፍርስ ከሆነ።

ጣና፦ በስምንት ሜትር ውስጥ ያለ ጨለማ

ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ አማካይ ጥልቀቱ ከ8 እስከ 9 ሜትር ነው። ከሚገባበት ውኃ አብዛኛው የግልገል ዓባይ፣ የርብ፣ የጉማራና የመገጭ ነው። አያሌው ወንዴ፣ ሥዩም መንግሥቱና ባልደረቦቻቸው ከሚያዝያ 2003 እስከ ኅዳር 2004 በየወሩ የሐይቁን ቀዳሚ ምርት ለክተው ውጤቱን በ2007 አሳትመዋል። አጠቃላይ ምርቱ በአማካይ በካሬ ሜትር በቀን 2.43 ግራም ኦክስጅን ሆኖ ተገኘ፤ ዝቅተኛው 0.03፣ ከፍተኛው 10.2 ግራም ነበር። ከዳርቻ በራቀው የሐይቁ ክፍል የክሎሮፊል መጠን በሜትር ኩብ ከ2.6 እስከ 8.5 ሚሊግራም፣ በአማካይ 4.5 ሚሊግራም ደርሷል። ተመራማሪዎቹ ይህን ከሐሩር ክልል ሐይቆች ዝቅተኞቹ መካከል መድበውታል።

ቁጥሩን ከባሕር ጋር ለማነጻጸር የሚሞክር አንባቢ ግን ግራ መጋባቱ አይቀርም። 2.43 ግራም ኦክስጅን ወደ ካርቦን ሲመነዘር 0.8 ግራም ገደማ ነው፤ የራይተር የሽቅብ ፍሰት ክፍል 300 ግራም በዓመት ሲካፈልም በቀን 0.8 ግራም ይሆናል። ዝቅተኛ የተባለው ጣና ከባሕር ምርጥ ክፍል ጋር ተካከለ ማለት ነውን? አይደለም። በጨለማና በብርሃን ጠርሙስ የሚለካው አጠቃላይ ምርት የፊቶፕላንክተኑን የራሱን ትንፋሽ ወጪ አልቀነሰም፤ ስቴማን ኒልሰን በ1952 ያስተዋወቀው የራዲዮአክቲቭ ካርቦን ዘዴ ደግሞ ወደ ተጣራው ምርት የቀረበ ነው። በድፍርስና ሞቃት ውኃ ውስጥ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ ፍጥረታቱ ቀን በብርሃን ያገኙትን በጨለማው ንብርብርና በሌሊት ያወጡታል። የሐይቅና የባሕር ቁጥሮችን በአንድ ሠንጠረዥ የሚያሰልፉ የመመረቂያ ጽሑፎች ይህን ሳያስታውሱ ማለፋቸው የሚያሳዝን ልማድ ነው።

ከአማካዩ ይልቅ የሚያስተምረው የወራቱ አካሄድ ነው። ክረምት ሲገባ ወንዞቹ ንጥረ ምግብ ያመጣሉ። ምርቱ ግን በዚያን ጊዜ አልጨመረም፤ ከንጥረ ምግቡ ጋር የመጣው ጭቃ ብርሃኑን ዘግቶታልና። ከፍተኛው ምርት የታየው ዝናቡ ካበቃ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ሲሆን ያኔ ማይክሮሲስቲስ የተባለው ሰማያዊ አረንጓዴ ዋቅላሚ ተስፋፍቶ ነበር። ደለሉ እየዘቀጠ፣ ያመጣው ንጥረ ምግብ ገና ሳያልቅ፣ ሁለቱ ለአጭር ጊዜ ተገናኙ። ቀጥሎ ያለው በጋም ሐይቁን ሙሉ በሙሉ አያጠራውም፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ በዳርቻው የተኛውን ደለል በየቀኑ ይቀሰቅሰዋል። ውኃው ጨው ስለሌለበት ደቃቁ ሸክላ ተጣብቆ ለመዝቀጥ ይዘገያል፤ ፎስፈረሱም ከኦክሳይዱ ሙጥኝ እንዳለ ይቆያል። ሐይቁ ማዳበሪያውን ተሸክሞ መብላት ያቃተው ይመስላል። ከ2011 ጀምሮ በሰሜናዊው ዳርቻ፣ በመገጭ መግቢያ በኩል ታይቶ የተስፋፋው እምቦጭ ከዚህ አንጻር ሲታይ አያስገርምም። ቅጠሉ ከውኃ በላይ ስለሆነ ድፍርስነት አይገታውም፤ ሥሩ ግን በንጥረ ምግቡ ውስጥ ነው። ፊቶፕላንክተኑ ሊጠቀምበት ያልቻለውን ሀብት ብርሃን የማያጣ ተክል ወሰደው፤ ከሥሩ ላለው ዋቅላሚም ጥቂት የነበረውን ብርሃን ከለከለው።

ራስን በራስ መጋረድ

ብርሃንን የሚዘጋው ደለል ብቻ አይደለም። በቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ስሙን ያገኘው ከስፓይሩሊና ነው። ጃክ ታሊንግ፣ ውድ፣ ፕሮሰርና ባክስተር በ1973 ያሳተሙት ጥናት በዚህ ሐይቅ በካሬ ሜትር በቀን ከ40 ግራም በላይ ኦክስጅን መለካቱን ዘግቧል፤ ይህም ከጣና አማካይ ከ15 እጥፍ በላይ ነው። ጸሐፊዎቹ ግኝቱን የምርታማነት የላይኛው ወሰን ማስረጃ አድርገው አቅርበውታል። ንጥረ ምግብም ካርቦንም በተትረፈረፈበት በዚህ ውኃ የመጨረሻው ገደብ ዋቅላሚው ራሱ ነው፤ ብዛቱ ብርሃኑን ከላይኛው አንድ ሜትር ሳያልፍ ይጨርሰዋል። ጎረቤቱ ኪሎሌም ቀድሞ እንዲሁ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ የሞጆ ወንዝ እንዲገባበት ሲደረግ ሶዳው ቀጥኖ፣ ስፓይሩሊናው ጠፍቶ፣ ሐይቁ ወደ ጣና መልክ ተጠጋ።

የናይል ሙላት በጨዋማ ውኃ

ምሥራቃዊው ሜዲትራኒያን ከዓለም ባሕሮች ድኻ ከሚባሉት አንዱ ነው። በጂብራልታር በኩል የሚገባው ንጥረ ምግቡ ያለቀበት የአትላንቲክ የላይኛው ውኃ ሲሆን፣ የሚወጣው ግን ንጥረ ምግብ የያዘው ጥልቁ ነው። ባሕሩ በዚህ ንግድ ሁልጊዜ ይከስራል። በተለይ የሚጎድለው ፎስፈረስ ነው። የባሕር ፊቶፕላንክተን በሬድፊልድ ስሌት ለአንድ ፎስፈረስ 16 ናይትሮጅን ሲፈልግ፣ በዚህ ባሕር ጥልቅ ውኃ ናይትሮጅኑ ከዚህ እጅግ ይልቃል።

በዚህ ባሕር ዳር እስከ 1964 ድረስ በየዓመቱ አንድ ለየት ያለ ነገር ይታይ ነበር። የኢትዮጵያ የክረምት ዝናብ ያመጣው ሙላት በበጋው መጨረሻ ደልታው ሲደርስ የባሕሩ ውኃ መልኩ ይለወጥና ዳያቶሞች ይበዙ ነበር። ግብፃዊው ተመራማሪ ዩሱፍ ሃሊም በ1960 ይህን የናይል ፍንዳታ በዝርዝር ገልጾታል። ሰርዲን ወደ ደልታው የሚሰበሰበው ይህን ሊመገብ ነበር። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ በ1964 ውኃ መያዝ ሲጀምር የመጨረሻው መደበኛ ሙላት ወደ ባሕር ገባ። በ1962 ወደ 18 ሺህ ቶን የነበረው የሰርዲን ምርት በ1968 ከአንድ ሺህ ቶን በታች ወረደ።

ለውኃ ሥነ ሕይወት ተማሪ ቁልፉ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። ከአስዋን በላይ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ደለል ይወርድ ነበር። በጣና ብርሃን የሚዘጋው ያው የባዛልት ጭቃ በሜዲትራኒያን ስለምን አልዘጋም? መልሱ ጨው ነው፤ ጨውም የሚሠራው በሦስት መንገድ ነው። የሸክላ ቅንጣቶች በጨው አልባ ውኃ ውስጥ በኤሌክትሪክ ሙል እየተገፋፉ ተንሳፈው ይቆያሉ፤ የባሕር ጨው ይህን ግፊያ ሲያዳክመው ይጣበቁና በፍጥነት ይዘቅጣሉ። ብርሃን ይመለሳል። በተመሳሳይ ጊዜ በቅንጣቶቹ ላይ ተጣብቆ የመጣው ፎስፈረስ ከፊሉ በጨዋማው ውኃ ይለቀቃል፤ በስሜን ማሳ ለተክል የማይገኝ ሆኖ የኖረው ፎስፈረስ በደልታው ይፈታል። ሦስተኛ፣ የወንዙ ውኃ ከባሕሩ ቀላል ስለሆነ እንደ ቀጭን ሽፋን ላዩ ላይ ይዘረጋል፤ ፊቶፕላንክተኑም ወደ ጥልቁ ሳይናወጥ በብርሃን ውስጥ ይቆያል። የስቨርድሩፕ ሕግ በጣና ተቃራኒው ሲሆን እዚህ ግን ተስማምቶ ይሠራል። ከባዛልቱ የተሟሟው ሲሊካ ደግሞ ዕድገቱን ለዳያቶም ያደላል፤ ዳያቶም ያለ ሲሊካ ቅርፊቱን አይሠራምና።

ሂደቱ በወንዙ አፍ ላይ ወዲያው አይጀምርም። ቅርብ ያለው ውኃ ገና ድፍርስ ነው፤ ፍንዳታው የሚታየው ጭቃው ከረገፈበት ማዶ ነው። በአማዞን መውጫም ዳያቶም የሚበዛው ውኃው ከጠራበት ርቀት ጀምሮ ነው። የጣና ጥቅምትና የደልታው ማዶ በዚህ ረገድ አንድ ናቸው፤ አንደኛው በጊዜ፣ ሌላው በቦታ የተቀመጠ መገናኛ ነው።

የግብፅን ሰርዲን የቀለበው ስሜን ነው ማለት ግን ግነት ይሆናል። ከደለሉ አብዛኛው የጥቁር ዓባይ ሲሆን የአትባራ ድርሻ ሩብ ያህል ይገመታል፤ ስሜንም ከአትባራ ተፋሰስ አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ሆኖም አትባራ ከውኃው ድርሻ ይልቅ የደለሉ ድርሻ ይበልጣል። የተዳፋቱ ቁልቁለትና የእርሻው ስፋት የሚመሰክሩትም ይህንኑ ነው።

የታሪኩ ቀጣይ ክፍል ንጥረ ምግብ ከየትም ቢመጣ ባሕሩ እንደማይመርጥ ያሳያል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የግብፅ የባሕር ዓሣ ምርት አንሰራራ፤ ስኮት ኒክሰን በ2003 እንደተከራከረው ምክንያቱ በእርሻ ላይ የተረጨው ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና የካይሮና የእስክንድርያ ፍሳሽ ነው። የኢትዮጵያ አፈር በግድብ ቀርቶ የፋብሪካ ፎስፈረስ ተተካ። ዓሣው ሲመለስም የዓሣው ዓይነትና ወቅቱ እንደ ቀድሞው አልሆነም፤ ፍሳሽ ዓመቱን ሙሉ ይፈሳል፣ ሙላት ግን በወቅቱ ይመጣ ነበር።

መገናኛው ወደ ላይ ሲመጣ

ዛሬ የስሜን ደለል ባሕር አይደርስም። በሱዳን የካሽም ኤል ጊርባ ግድብ በ1964 ተሠርቶ ብዙ የመያዣ አቅሙን ለደለል አስረክቧል፤ ናይል ላይ ሜሮዌ በ2009 ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ከስሜን ግርጌ 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ተጠናቀቀ። ስለዚህ ንጥረ ምግብና ብርሃን የሚገናኙበት ቦታ በሺዎች ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ተስቧል።

በጥልቅና ረጅም የግድብ ሐይቅ ውስጥ በወንዙ መግቢያ ያለው ውኃ ድፍርስ፣ በግንቡ አጠገብ ያለው ደግሞ ጥርት ያለና ንጥረ ምግቡ የቀነሰ ይሆናል፤ ከፍተኛው ምርት የሚጠበቀው በመካከለኛው መሸጋገሪያ ነው። በዚህ ውኃ ደለሉን የሚያዘቅጠው የፍሰቱ መርገብ ብቻ ነው፤ ደቃቁን ሸክላ የሚያጣብቅ፣ ፎስፈረሱንም የሚፈታ ጨው የለም። ከፎስፈረሱ የሚለቀቀው በተለይ ከሥር ኦክስጅን ባጣው ጥልቅ ክፍል ብረቱ ሲሟሟ ነው፤ ያም ወደ ላይ የሚወጣው ውኃው በቀዝቃዛው ወቅት ሲገለበጥ ነው። እንግዲህ በተከዜ የሚደረግ ልኬት በአንድ ጣቢያ መወሰን የለበትም። ከመግቢያው እስከ ግንቡ ባለው ርዝመት፣ በነሐሴ፣ በጥቅምትና በጥር፣ የሴኪ ዲስክ ጥልቀት፣ ከቅንጣት ጋር የተጣበቀና የተሟሟ ፎስፈረስ እንዲሁም የጨለማና የብርሃን ጠርሙስ ውጤት ጎን ለጎን ሊመዘገቡ ይገባል። የሳተላይት ክሎሮፊል ለባሕር ጥሩ ምስክር ቢሆንም እዚህ ብቻውን አይበቃም፤ ለንጹሕ ውቅያኖስ የተዘጋጀው የሰማያዊና የአረንጓዴ ብርሃን ንጽጽር ደለልን ከዋቅላሚ አይለይም፤ በነሐሴም ጭቃውን ምርት ብሎ ሊቆጥረው ይችላል።